ስድስት ቀን የሠራችው ልዕልት

ጃንዋሪ 5፣ ሰኞ

ከበዓል በኋላ የመጀመሪያው የሥራ ቀን። ዝናብ። አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ዘገየ። የሆስፒታሉ ዋርድ ስደርስ ሞይራ ሰዓቷን አየችና ምንም አላለችም… እሷ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው። የፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ኃላፊ ናት። ስኮትላንዳዊት፣ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ግን ወርቅ።

ሚስተር ጋርበት ገና ከበር ሲያዩኝ፣ "መጣች ጨካኟ!" አሉ፣ ዋርዱ በሙሉ እንዲሰማ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ባሕር ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው ኖቬምበር ላይ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን አደከመው። ቤታቸው ከወደቡ በላይ ነው፤ አሥራ አራት የድንጋይ ደረጃ ተወጥቶ። ልጃቸው ቤረል ቁርጡን ነግራኛለች። ደረጃውን ከወጡ ቤታቸው ይገባሉ። ካልወጡ የአረጋውያን መኖሪያ። እስከ ፋሲካ ጊዜ አለን።

ዛሬ በመራመጃ መደገፊያው ስድስት እርምጃ። ሰባተኛው ላይ ጮኹ።

"አመመኝ! አንቺ ልጅ፣ አመመኝ እኮ!"

"የት ጋ?"

"ከጉልበቴ ኋላ… እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ?"

አስቀምጬ አየሁት። ጉልበታቸው ወደ ኋላ እየሸሸ ነበር። ባይጮሁ ኖሮ አላየውም። ነገ አቋቋማቸውን እንለውጣለን።

ስመለስ አውቶቡሱ ላይ ቦታ አገኘሁ። ጥሩ ቀን።


ጃንዋሪ 7፣ ረቡዕ

ወጣ። በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ይወጣል። ጋዜጣው የቤተ መንግሥቱን የዕለት መዝገብ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ከንጉሡ ቤተሰብ ማን ስንት ጊዜ ለሕዝብ ሥራ እንደወጣ በሰንጠረዥ ያሰፍራል። አጎቴ ንጉሡ አራት መቶ ሃያ። አባባ፣ እንዲያ ታሞ፣ መቶ ሰባት። ከሁሉም ግርጌ እኔ፦ ስድስት።

ርዕሱ፦ "ስድስት ቀን የሠራችው ልዕልት"። ፎቶም አለው። በጋ ላይ አይስክሬም ስልስ።

አምና ስንት ሰው ከአልጋ አስነሥቼ አስኬድኩ? አልቆጠርኩም። ማንም አይቆጥረውም። ሥራ የሚባለው ሪባን መቁረጥ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ ስቀጠር ደግሞ ይኸው ጋዜጣ "የድሃ ልጅ እንጀራ ነጠቀች" ብሎ ጽፎ ነበር። ምን ብሆን ደስ ይላቸዋል? ብሠራ ነጣቂ፣ ባልሠራ ሰነፍ…

የሻይ ክፍል ውስጥ አንዱ ገጹን ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል። ለቀልድ ነው። ለቀልድ መሆን አለበት። ሞይራ መጣችና ቦጭቃ ጣለችው።

"ጋርበት እየጠበቁሽ ነው። ሂጂ" አለችኝ። ወደድኳት።

ጋርበት ጋዜጣውን ደረታቸው ላይ ዘርግተውታል።

"ስድስት ቀን! እኔን ለማሰቃየት ብቻ እንኳ ከዚህ በላይ መጥተሻል!"

"ይጻፉላቸዋ።"

"እጽፋለሁ። አንቺ እጄን ቀጥ አድርጊልኝ እንጂ፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ።"

ዘጠኝ እርምጃ።


ጃንዋሪ 11፣ እሑድ

አባባ ጋ ምሳ። የበሬ ጥብሱ እንደ ልማዱ ጫማ ሆኗል። ሰር ጃይልስ አብሮ በላ። የአባባ ጸሐፊ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀጠሮውንም ንግግሩንም ይዞለታል። እሑድ እሑድ ገበታ ላይ ከተቀመጠ ግን ነገር አለ ማለት ነው።

ነበረም።

"ንጉሡ ሰው አንሷቸዋል፣ ልዕልት። አክስትዎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አይወጡም። አባትዎም…" ብሎ አባባን አየ። አባባ ሳህኑን አየ። እጁን ጠረጴዛ ሥር ደብቆታል።

አባባ የስንት ነገር የበላይ ጠባቂ ነው… የመርከበኞች ሚስቶችና ልጆች፣ የዓይነ ስውራን ውሾች፣ የነፍስ አድን ጀልባዎች። እነዚህ ሁሉ ደብዳቤ እየጻፉ ነው። "ማን ይመጣልናል?" እያሉ።

"ሥራ አለኝ" አልኩ።

"ይታወቃል። ሕዝቡ ግን አያየውም።"

"ታሞ ሲመጣ ያየዋል።"

አባባ ፈገግ አለ። ሰር ጃይልስ ጥርሱን አላሳየም። ጋዜጣውን ማን እንደሚያነበው፣ ንጉሡ ምን እንደተሰማቸው፣ ወጣቶቹ ትልልቆቹን ካልተኩ የቤቱ ነገር እንዴት እንደሚሆን… ቡና እስኪመጣ ተናገረ። በመጨረሻ ደከመኝ።

"ግማሽ ግማሽ ይሁን። ሦስት ቀን ሆስፒታል፣ ሁለት ቀን ለእናንተ።"

"ተሞክሮ ያውቃል። አያምርም" አለ። ከዚያ አሰበና፣ "እስከ ሴፕቴምበር እንየው" አለ። የመጀመሪያውን ሥራ ከኪሱ አወጣው። አዘጋጅቶ ነው የመጣው! ሆስፒታላችን የሠራው አዲሱ የፊዚዮቴራፒ አዳራሽ ምርቃት። ሆስፒታሉ ራሱ ጠይቋል።

"ሕዝቡ የሚሠሩበትን ቦታ በዓይኑ ያያል። ሁለቱም ሥራ በአንድ ቀን።"

እውነቱን ለመጻፍ… ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። በአፌ ነው እሺ ያልኩት።


ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ሕንፃው በሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ሁለት ሕመምተኞች ራሳቸውን አመማቸው።

ከቤተ መንግሥት ሦስት ሰዎች መጥተው መንገዴን ለኩ። በየት እንደምገባ፣ አበባውን በየትኛው እጄ እንደምይዝ፣ የት እንደምቆም። ከሕመምተኞች ጋር አሥራ ሁለት ደቂቃ። አሥራ ሁለት! ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር አይደል እንዴ የምውለው?

ወረቀት የያዘችው ልጅ፣ "ፊዚዮቴራፒስቷ በዕለቱ የት ትቆማለች?" አለች።

"ፊዚዮቴራፒስቷ እኔ ነኝ።"

ጻፈች። ትንሽ አሰበች። ሰረዘችው።

ሞይራ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፋ እጅ ልትነሳኝ ነው። "በዚህ ጉልበቴ?" አለችኝ። "ዝቅ ስል ቀርቼ እንደሆነ አንቺ ታነሺኛለሽ።" ሳቅን። ሁለታችንም ግን ነገሩ ትንሽ አሳፍሮናል። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ጋርበት ደግሞ የልብስ ነገር አሳስቧቸዋል።

"ሱፌን ቤረል ታምጣልኝ?"

"ፒጃማዎ ይበቃል።"

"ለንጉሥ ቤተሰብ በፒጃማ!"

"እኔ እኮ ነኝ የምመጣው።"

"አንቺን ማን አለሽ።"

እንደገና አስጠነቀቅኳቸው፤ በሁለት በኩል ሁለት ሰው ሳይዛቸው መነሣት የለም። አልጋቸው ራስጌ በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ፦ "ሁለት ሰው"። ጽሑፉን አይተው፣ "የእስር ቤት ሕግ" አሉ።

በእንጨቱ መለማመጃ ደረጃ ላይ ሁለት ወጡ።


ፌብሩዋሪ 2፣ ሰኞ

አራት ደረጃ። አራት! ቤረል አለቀሰች፤ እሳቸውም "ምን ያስለቅስሻል፣ ገና አሥር ቀረ" ብለው ተቆጧት።


ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ

እንደሆነው ይጻፍ።

አረንጓዴ ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። በዋናው በር ገባሁ። ሦስት ዓመት ሠርቼበት በዋናው በር ገብቼ አላውቅም፤ እኛ የምንገባው በጎን፣ ቆሻሻ መጣያዎቹ ጋ ነው። ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። ሞይራ ዝቅ አለች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት። "እንኳን ደህና መጡ፣ ልዕልት።" ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳየው ሳቄ ጠፋ። የምሯን ነበር።

መጋረጃውን ሳብኩ። ስሜ የተቀረጸበት ሰሌዳ። ጭብጨባ።

ሕመምተኞቹ በግማሽ ክብ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጋርበት አራተኛ። ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ የነፍስ አድን ጀልባ ሜዳያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተዋል። ፀጉራቸው በውኃ ተለጥፏል። መደገፊያቸውን ለፎቶ አያምርም ብሎ አንዱ ከግድግዳ አስጠግቶታል። አጠገባቸው ሰው የለም። ሞይራ ሰልፍ ላይ ናት። ሌላዋ ፊዚዮቴራፒስት እኔ ነኝ፤ አበባ ይዣለሁ።

ሦስተኛዋን ሴትዮ እያነጋገርኩ በዓይኔ ጥግ አየሁ። መዳፋቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፉ። እግራቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ወደ ፊት አዘነበሉ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው እስኪያልፍ… እኔ ያስተማርኳቸው ነው። እያንዳንዱን።

"ሚስተር ጋርበት፣ አይነሡ—"

ተነሥተዋል። ቀጥ ብለው። ያለ መደገፊያ፣ ያለ ሰው። እንዲያ ሆነው ቆመው አይቻቸው አላውቅም። ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ለእኔ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሚዛናቸው ሄደ።

ሦስት እርምጃ ነው መካከላችን። አበባውን ጥዬ ዘለልኩ። ጠባቂዬ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ግርግር ሲነሣ እኔን ማራቅ ነው ሥራው። "ልቀቀኝ፣ የኔ ሕመምተኛ ናቸው!" አልኩት። አልለቀቀኝም። ኮሪደር ላይ አወጡኝ።

ሲወድቁ ድምፁን ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ዳሌ ነው።


ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

የቤተ መንግሥቱ የዕለት መዝገብ፦ "ልዕልት ሄስተር ትናንት አዲሱን የፊዚዮቴራፒ አዳራሽ መርቀዋል።" ይኸው ነው። አንድ ተብሎ ተቆጠረልኝ።

ጋዜጦቹ በሙሉ አንድ ፎቶ ነው ያወጡት። ጋርበት ቆመው፣ ሜዳያቸው እያበራ፣ ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ። "አዛውንቱ ለልዕልታቸው ቆሙ"። አገሩ ሁሉ አለቀሰ ይባላል። መውደቃቸው መጨረሻው መስመር ላይ ነው፣ "መጠነኛ ጉዳት" ተብሎ።

ሰር ጃይልስ ደወለ። "አደጋው ያሳዝናል። ፎቶው ግን… ንጉሡም አይተው ተደስተዋል። የዓመቱ ምርጥ ጅማሬ ነው።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እንዲህ አድርጌ አላውቅም።


ፌብሩዋሪ 9፣ ሰኞ

የሥራ ልብሴን ለብሼ በጎን በር ገባሁ። ጋርበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አጥንት ዋርድ ተኝተዋል። ፊታቸው ነጭ። ቤረል ወንበር ላይ ናት። ስታየኝ ብድግ አለች። ቤረል! ለሁለት ወር "ሄስ፣ ቢስኩት ትፈልጊያለሽ?" ስትለኝ የከረመችው ሴት።

"ተቀመጪ፣ በናትሽ።"

"አይ… እሺ" ብላ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ጋርበትን ተቆጣኋቸው። አላስቻለኝም። "ሁለት ሰው ብዬ አልነበር? ስንት ጊዜ ነገርኩዎት? ለምን ተነሡ?"

"የንጉሥ ዘር ቆማ እኔ ተቀምጬ?"

"ሰባት ሳምንት ሙሉ ቆሜ ተቀምጠው ሲሰድቡኝ አልነበር?"

"እሷ ሌላ ናት።"

"ማን እሷ?"

አሰቡ። ነገሩን ሊያስረዱኝ በእውነት ፈለጉ። "ያቺ ልጅ የኛ ልጅ ናት። ኮፍያ ያደረጉት ግን እርስዎ ነዎት።"

እርስዎ። አሁን እኮ የሥራ ልብሴን ነው የለበስኩት። ወደ "አንቺ" የሚመለሱበት መንገድ የለም፤ አፋቸው አንዴ ተቆልፏል። እግራቸውን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ያማል?"

"ኧረ ምንም አይልም፣ ልዕልት።"


ፌብሩዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ሦስት ቀን ሆስፒታል፣ ሁለት ቀን ሌላ ቦታ። ትናንት የውሾች ማሠልጠኛ፣ ዛሬ ዋርድ። ውሾቹ አልተነሡልኝም። እግዜር ይስጣቸው።

ዋርዱ ግን ተለውጧል። ስገባ ወሬ ይቆማል። ፀጉራቸውን ያበጥራሉ። አንዲት ሴትዮ እኔ እግሯን ሳሸው ሊፕስቲክ ተቀብታ ጠበቀችኝ። ማን እንደሆንኩ ድሮም ያውቁ ነበር እኮ። ስሜን ያውቃሉ፣ አጎቴን ያውቃሉ። ግን ተዳፍረውኝ፣ ስለ አጎቴ እየቀለዱብኝ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እየረገሙኝ ነበር የምንሠራው። አሁን ፎቶው በየአልጋው አጠገብ አለ። አንዱ እንድፈርምለት ጠየቀኝ።

"ያማል?" እላለሁ።

"በጭራሽ።"

"እዚህስ?"

"ደህና ነኝ፣ ልዕልት። አመሰግናለሁ።"

ጠዋት አሥራ አንድ ሰው አየሁ። ያመመው አንድም የለም። አጥንት ዋርድ ውስጥ!


ማርች 3፣ ማክሰኞ

ሚስስ ታንስታል። ስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ጡረተኛ። ጉልበቷ በሰው ሠራሽ ከተተካ አሥር ቀኑ። ማጠፍ አለብን፤ ካልታጠፈ ደርቆ ይቀራል። ሥራው ሰውየው "በቃ!" እስኪል ነው። ምንም ማሽን አይነግርህም። የሚመራህ ያ ቃል ብቻ ነው።

አጠፍኩ። ፈገግ ብላለች።

"ትንሽ ልጨምር?"

"እንደ ፈቀዱ።"

"ያማል?"

"ምንም። እጅዎ ለስላሳ ነው።"

ጨመርኩ። ስለ ልጅ ልጇ ሠርግ እያወራችልኝ ነበር። አልጋውን ጨብጣ እንደነበር አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ጣቶቿ ነጭ ነበሩ። ለምን ጣቷን አላየሁም? ፊቷን አምኜ።

ከምሳ በኋላ ስፌቱ ተከፍቶ ፋሻው በደም ርሶ ተገኘ። ተመልሳ ቀዶ ሕክምና ገባች። ነርሷ ለምን እንዳልተናገረች ስትጠይቃት፣ "እሳቸውን ላሳፍር?" አለቻት።

ሞይራ ቢሮዋ አስገባችኝ። በሩን ዘጋች።

"ጉልበቷን ስታጥፊ ምን አለችሽ?"

"ምንም አያምም አለች።"

"አመንሻት?"

"ፈገግ ብላ ነበር፣ ሞይራ።"

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ከዚያ አንድም ጊዜ ብላኝ የማታውቀውን አለችኝ። "የኔ ልጅ… ሰው ከእንግዲህ ለአንቺ አይጮህም። የማይጮህልሽ ሰው ጉልበት ላይ እጅሽን እንድታሳርፊ መፍቀድ አልችልም። ጥፋትሽ አይደለም። ግን አልችልም።"

"ሌላ ሆስፒታል ብሄድስ?"

"ፎቶውን ያላየ ሆስፒታል ካገኘሽ እኔም እመጣለሁ።"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በሩን ይዛልኝ ቆማ ነበር።


ማርች 8፣ እሑድ

ለአባባ ነገርኩት። ሰር ጃይልስ አልነበረም። ጎጆ የምታህለዋ የአትክልት ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን፣ ችግኞቹ መሃል።

እስክጨርስ ሰማኝና፣ "እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?" አለኝ።

"ሁለት ዓመት?"

"አራት። ሁለቱን ዓመት እኔም አላወቅኩም። ሻይ በየሄድኩበት እየደፋሁ… አንድም ሰው አልነገረኝም። የሆነ ጊዜ ግን በየቦታው ስኒዬን ግማሽ ብቻ ይቀዱልኝ ጀመር። ግላስጎ ግማሽ፣ ብሪስቶል ግማሽ። ተነጋግረው እንዳይሆን! ያኔ ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት።"

"ማንም?"

"ማንም። ጨዋ አገር ነው።"

እጁን ያዝኩት። በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

"ያምሃል አባባ?"

"ማታ ማታ ትከሻዬ። በጣም።"

ትከሻውን አሸሁለት። "እዚህ ጋ፣ አይደለም፣ ቀስ በይ፣ ኧረ አመመኝ!" እያለ። ግማሽ ሰዓት። ደስታዬን ልገልጸው አልችልም።

ስሄድ በሩ ላይ፣ "ተይው ልልሽ ነበር" አለኝ። "ግን ከተውሽው ያን ሁሉ ለማን አስረክባለሁ? ይቅርታ አድርጊልኝ።" አባቴ ይቅርታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ባይጠይቀኝ ይሻል ነበር። እምቢ ማለት እንዳልችል አደረገኝ።


ማርች 13፣ ዓርብ

ጋርበት ዛሬ ወጡ። ወደ ቤታቸው አይደለም። የአረጋውያን መኖሪያው መኪና መጥቶ ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ጫናቸው። ዶክተሩ ከእንግዲህ ደረጃ አይታሰብም ብሏል። ስለ ቤታቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። በእኔ ፊት ማለቴ ነው። ለሞይራ ግን ሌሊቱን ሲያለቅሱ ማደራቸውን ነግረዋታል።

መኪናው ጋ ተሰናበትኳቸው። "ክብር ነበር" አሉኝ።

ክብር! ለምን አልረገሙኝም?


ማርች 27፣ ዓርብ

የመጨረሻ ቀን። ኬክ ነበር። ሁሉም እኔ መጀመሪያ እስክቆርስ ቆመው ጠበቁ። ሞይራ ብቻ ቁጭ ብላ በላች፤ ሆን ብላ ነው፣ ገብቶኛል። መታወቂያዬን አስረከብኩ። በጎን በር ወጣሁ።


ኤፕሪል 21፣ ማክሰኞ

ከቤረል ደብዳቤ። አባቷ ባለፈው ሐሙስ አረፉ። ቀብሩ ዓርብ ነው፣ የመርከበኞቹ ቤተ ክርስቲያን።

"መምጣት እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። እባክዎ አይምጡ። እርስዎ ከገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እርስዎን ነው የሚያየው። ለአንድ ቀን እንኳ አባቴን ይዩት።"

ልክ ናት። አልሄድም። ዓርብ ሰር ጃይልስ የነፍስ አድን ጀልባ ጉብኝት ይዞልኛል። አልሰርዘውም… ቤት ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ?


ሜይ 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ሦስት ቦታ። ጠዋት የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ። ከኤፕሪል ወዲህ ሠላሳ አራት ሆኗል። ያ ጋዜጣ ባለፈው ሳምንት "ታታሪዋ ልዕልት" ብሎኛል። አባባ ቆርጦ ላከልኝ፣ ከጎኑ ምንም ሳይጽፍበት።

ፋብሪካው ቀዝቃዛ ነው። ሴቶቹ ነጭ ካፖርት ለብሰው ተሰልፈዋል፣ እጃቸው ከበረዶው ቀልቷል። እየጨበጥኩ ሄድኩ። ወደ መጨረሻው ገደማ አንዲት ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ጓደኞቿ ሳቁ። ደንግጣ ቀኙን ሰጠችኝ። ስይዘው አወቅኩ። ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ሟምቷል። ጣቶቿ አይጨብጡም። ነርቩ ታንቋል፤ ሌሊት ሌሊት እየደነዘዘ የሚቀሰቅሳት እንደሆነ፣ ቢላ ከእጇ እየወደቀ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ቢታይ ይድናል። ዓመት ከቆየ ያ እጅ አለቀለት።

እጇን አልለቀቅኩትም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ያምዎታል?" አልኳት።

ከኋላዬ አለቃዋን አየች። ካሜራውን አየች። ከዚያ እኔን፣ በሙሉ ፊቷ ፈገግ ብላ።

"ኧረ በፍጹም፣ ልዕልት። ዛሬ ደግሞ እርስዎን አይተን!"

"ሐኪም ጋ ሄደው—"

ሰር ጃይልስ ክርኔን ነካ። ሰዓት። ሴትዮዋ እጇን ቀስ ብላ ስባ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሌላዋ ተራዋን እየጠበቀች ነው። ቀጠልኩ።

አርባ ሦስት ሴቶች ጨበጥኩ። እንዴት ነዎት አልኳቸው፣ አንድ በአንድ። አርባ ሦስቱም ደህና ናቸው።